አዲስ ዕቃ ወይስ አዲስ ሐሳብ?

መስከረም ሲጠባ አገሩ ሁሉ አደይ አበባ ሲያይ፣ የቴክኖሎጂ ፍቅር የያዘን ሰዎች ስልክ እናያለን። የአፕል ዓመታዊ የአይፎን ትርኢት ብዙ ጊዜ ከእንቁጣጣሽ ሰሞን ጋር ስለሚገጥም፣ የበዓሉ ዶሮ ሲሠራ አንድ ዓይናችን ካሊፎርኒያ ነው። ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ሆነ? ቺፑስ? ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ሌላው ዳዊት ሲደግም እኛ የስልክ ዝርዝር መግለጫ እንደግማለን። ትርኢቱ ሲያልቅ ታዲያ እስከ ትናንት ምንም ያልጎደላት የኪሳችን ስልክ በአንድ ሌሊት ያረጀች ትመስለናለች።

ይህን ፍቅር ልነቅፍ አልተነሣሁም። እኔም አለብኝ። ስለ አዲስ ጌም፣ ስለ አዲስ ቺፕ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወሬ ከተነሣ ቡናው ቢቀዘቅዝም ግድ አይሰጠኝም። እንዲያውም ይህ ጉጉት ትልቅ ሀብት ነው ባይ ነኝ። ጥያቄው ሀብቱን ምን ላይ እናውለው ነው። ጉጉታችንን ሁሉ «ቀጣዩ ዕቃ መቼ ይወጣል?» ላይ ካፈሰስነው ዕድሜ ልካችንን ድሆች ነን፤ ቀጣይ የሚባል ዕቃ አያልቅማ! «ይህ በእጄ ያለው ምን ሊሠራልኝ ይችላል?» ወደሚለው ካዞርነው ግን ዛሬውኑ የምንጀምረው ነገር አለን።

አበው «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይላሉ። የቴክኖሎጂን ታሪክ ገልጦ ያየ ሰው ይህን ተረት በየገጹ ያገኘዋል። ዓለምን ካነጋገሩ ፈጠራዎች ብዙዎቹ ሌሎች እንደ መዳብ ቆጥረው ካለፉት ነገር የተሠሩ ናቸውና።

ጊዜ የተረፈው ማሽን ጠጋኝ

እ.ኤ.አ. በ1965 ጉንፔ ዮኮይ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ ምሩቅ በጃፓኗ ኪዮቶ ከተማ ሥራ አገኘ። የቀጠረው ኩባንያ ኒንቴንዶ ነበር። ዛሬ ኒንቴንዶ ሲባል ማሪዮ ትዝ ይለናል፤ ያን ጊዜ ግን የታወቀው በመጫወቻ ካርታ አምራችነቱ ነው። የዮኮይ ሥራ ካርታ የሚያመርቱትን ማሽኖች መንከባከብ ነበር። ማሽኖቹ ደህና ከሆኑ እሱ ሥራ የለውም። ሌላ ሰው ቢሆን «ዲግሪዬ እዚህ ባከነ» እያለ ግድግዳ ሲቆጥር ይውል ነበር። ዮኮይ ግን በተረፈው ጊዜ ለገዛ ራሱ መዝናኛ አንድ ነገር ሠራ፤ እጀታውን ሲጫኑት እየተዘረጋ ራቅ ያለ ዕቃ ለቀም የሚያደርግ ክንድ።

የኩባንያው ፕሬዝዳንት ሂሮሺ ያማውቺ ፋብሪካውን ሲጎበኝ ይህን መጫወቻ አየ። በሥራ ሰዓት ተጫወትክ ብሎ አልቀጣውም፤ ለገበያ እንዲያደርሰው አዘዘው። በ1966 «አልትራ ሃንድ» ተብሎ ወጣና ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ዮኮይም የማሽን እንክብካቤውን ትቶ መጫወቻ ፈጣሪ ሆነ።

ከዓመታት በኋላ፣ እሱ ራሱ እንደሚተርከው፣ በፈጣኑ ባቡር ሲጓዝ የሰለቸው አንድ መንገደኛ የካልኩሌተሩን ቁልፎች እየነካካ ጊዜውን ሲገፋ ተመለከተ። በዚያን ዘመን ካልኩሌተር ማንም የማይደነቅበት ዕቃ ሆኗል። አምራቾቹ በዋጋ ሲሻሙ ስክሪኑም ቺፑም ረክሷል። የዮኮይ ዓይን ያረፈው ካልኩሌተሩ ላይ አልነበረም፤ ሰውዬው ላይ ነበር። ይህ ሰው ሂሳብ እየሠራ አይደለም፤ እየተጫወተ ነው! በ1980 «ጌም ኤንድ ዋች» የተባለው የኪስ ጌም ወጣ። ስክሪኑ የካልኩሌተር ዓይነት ስክሪን ነበር።

ቀጥሎ በ1989 ጌም ቦይ መጣ። ነገሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዓመት አታሪ ሊንክስን፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሴጋ ጌም ጊርን አወጡ። የሁለቱም ስክሪን ባለ ቀለምና ከውስጥ የሚበራ ነው። የጌም ቦይ ስክሪን ቀለም የለው፣ መብራት የለው፤ አረንጓዴ ቢጤ መደብ ላይ ጠቆር ያሉ ነጥቦች ብቻ። ዝርዝር መግለጫ ብቻ ለሚያነብ ሰው ውድድሩ ገና ሳይጀመር ያለቀ ነው። ባለ ቀለሞቹ ግን 6 የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጨርሰው ቁጭ ይላሉ። ጌም ቦይ በ4 ድንጋይ ከ10 ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ዋጋው ይቀላል፤ ቢወድቅም ተነሥቶ ይሠራል። በባህረ ሰላጤው ጦርነት ቃጠሎ ፊቱ የቀለጠ አንድ ጌም ቦይ ኒውዮርክ በሚገኘው የኒንቴንዶ መደብር ውስጥ ለብዙ ዓመታት እየሠራ ለጎብኚ ይታይ ነበር። በመጨረሻ ጌም ቦይ ባለ ቀለም ከሆነው ተከታዩ ጋር ተደምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

የዮኮይ መርህ ግልጽ ነው። ያረጀ፣ የረከሰ፣ ባሕርይው ጠንቅቆ የታወቀ ቴክኖሎጂ ውሰድ፤ ከዚያ ማንም ባላሰበው በኩል ተጠቀምበት። አሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያለችውን ስማርት ስልክ አውጡና እዩዋት። ስክሪኗ ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ ይሆናል፤ ካሜራዋም የዘንድሮ አይደለም። ቢሆንም ጌም ቦይ በሕልሙም የማያስበው አቅም አላት። ድምፅ ትቀርጻለች፣ ቪዲዮ ታቀናብራለች፣ ኮድ ታስጽፋለች፣ ዓለም ላይ ካሉ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ታመጣለች። የጎደላት እንደ ዮኮይ ዓይን የሚያያት ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው እናንተ ሁኑላት!

ሥዕል በማትሥል ማሽን

ጌም ቦይን በየቤቱ ያስገባው ቴትሪስ የተባለው ጌም ነው። እሱም የድህነት ልጅ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1984 አሌክሴ ፓጂትኖቭ ሞስኮ በሚገኘው የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ይሠራ ነበር። የሚሠራባት ማሽን ኤሌክትሮኒካ 60 ትባላለች። ይህች ማሽን ሥዕል ማሳየት አትችልም፤ የምታውቀው ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ብቻ ነው። ሥዕል በማታሳይ ማሽን ጌም እንዴት ይሠራል?

ፓጂትኖቭ የጽሑፍ ቅንፎችን ተጠቀመ። አንድ የሚከፍት ቅንፍና አንድ የሚዘጋ ቅንፍ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዲት ካሬ ይመስላሉ። እንዲህ ያሉ አራት ካሬዎችን ሲያገጣጥም አንድ ቅርጽ ወጣ። ለጌሙ መነሻ የሆነው የቆየ እንቆቅልሽ በአምስት አምስት ካሬ የተሠሩ 12 ቅርጾች ነበሩት፤ ያ ለተጫዋች ስለበዛ ወደ አራት አወረደውና 7 ቅርጾች ብቻ ቀሩ። ቅርጾቹ ሲወርዱ ደግሞ ጠባቡ ስክሪን ወዲያው ይሞላበታል። ስለዚህ የሞላው ረድፍ እንዲጠፋ አደረገ። ዛሬ ቴትሪስን ቴትሪስ ያሰኘው ይህ የረድፍ መጥፋት ነው።

ሥዕል የሚያሳይ ኮምፒውተር እስኪመጣለት ቢጠብቅ ኖሮስ? ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያሳዝነው «አቅም የለኝም» ሲል አይደለም፤ አቅሙ እስኪሟላ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ነው። እናንተም «ላፕቶፕ ሲኖረኝ እጀምራለሁ» ብላችሁ ያቆያችሁት ሥራ ካለ፣ ቅንፍ የሚሆናችሁን ነገር ፈልጉ። ልብ ወለድ መጻፍ የሚፈልግ በስልኩ ማስታወሻ ይጀምር። ፊልም መሥራት የሚያምራት የአንድ ደቂቃ ፊልም በአንድ ክፍል ውስጥ ትቅረጽ። ጥበቱ ራሱ መፍትሔ ያስተምራችኋል።

የቆየ ነገር ደግሞ ወርቁ ተሟጦ አያልቅም። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ የሚኖር የ13 ዓመት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የኒንቴንዶ ቴትሪስ ላይ ማሽኑ መቀጠል አቅቶት እስኪቆም ተጫወተ። ከዚያ በፊት እዚያ ድረስ የደረሰ ሰው አልነበረም። ጌሙ ከልጁ በሃያ ዓመት ይበልጣል፤ ልጁ ግን ማንም ያላየውን አየበት።

ከእኛም ቤት ምሳሌ አይጠፋም። ታይፕራይተር የተሠራው ለ26 የላቲን ፊደላት ነው። የእኛ ፊደል ከነዝርያው ከ200 በላይ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ለእኛ ባልተሠራው ማሽን ላይ አማርኛ እንዲጻፍ ያደረጉት «ማሽኑ አይሆንም» ብለው ስላልተመለሱ ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ትግል ቀጠሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ዛሬ ለእናታችን «እንዴት አደርሽ» ብለን በስልክ የምንጽፈው በእነዚያ ሰዎች ትከሻ ላይ ቆመን ነው። ጌም ከተነሣም፣ አዲስ አበባ ያለው ቀኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የሚል ጌም ሠርቷል። ባለታሪኳ ዶሮ ወጥ ላለመሆን የምትሮጥ ዶሮ ናት! የጌሙ ዓይነት፣ ማለትም እየሮጡ መሰናክል መዝለል፣ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። አዲሱ ነገር ዶሮዋ ናት። ሐሳብ ፍለጋ ሩቅ ለሚያማትር ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል፤ የበዓል ዋዜማ ግርግር ውስጥ አንድ ሙሉ ጌም ተቀምጦ ነበር።

ቴስተሩ ምን ይላል?

ሰፈራችሁ ካለችው ጠባብ የስልክ ጥገና ሱቅ ጎራ በሉ። ስልካችሁን ሰጥታችሁ ከመሄድ ይልቅ እስኪሠራ ቆማችሁ እዩ። ቻርጅ አልገባ ያለ ስልክ መጣ እንበል። ጎበዝ ጠጋኝ ስልኩን ከመክፈቱ በፊት የቻርጀሩን ገመድ ይቀይራል። ቀጥሎ የቻርጅ ቀዳዳውን በቀጭን ብሩሽ ይጠርጋል፤ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆበት ሊሆን ይችላል። አሁንም እምቢ ካለ ጀርባውን በሙቀት ያለሰልስና በቀጭን ፕላስቲክ ጠርዙን ዞሮ ይከፍተዋል። የፈታቸውን ብሎኖች እንደየቦታቸው ይደረድራል፤ ሲመልስ አንዱ ከሌላው ቢምታታ ቦርድ ሊወጋ ይችላል። ከዚያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ባትሪው ላይ ያሳርፍና ቁጥሩን ያያል። ባትሪው ደህና ነው። ወደ ቻርጅ ሶኬቱ ይሄዳል። እሱም ደህና ነው። እንግዲያው ጥፋቱ ቦርዱ ላይ ነው። ማይክሮስኮፑን ያስጠጋና ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ክፍል መቃጠሏን ያገኛል። ለመለዋወጫ ካስቀመጠው የሞተ ስልክ ላይ ተመሳሳይዋን ነቅሎ ይበይዳል። ቻርጅ ሲገባ ስልኩ ንዝር ይላል።

ይህ ሰው በምን በለጠን? አይገምትም፤ ያጠባል። «ስልኩ ሞቷል» የሚለውን ትልቅ ወሬ እየከፋፈለ ወደ አንዲት ነጥብ ያደርሰዋል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለውን በተግባር ማየት ከፈለጋችሁ የሱ ጠረጴዛ ላይ ነው። የፕሮግራም ባለሙያዎችም ስሕተት የሚያድኑት በዚሁ መንገድ ነው፤ ከቀላሉ ይጀምራሉ፣ ደህና የሆነውን እያስወጡ ይሄዳሉ።

ይህን ልማድ ከስልክ አውጥታችሁ ኑሯችሁ ላይ አውሉት። «ሱቄ አልሸጥ አለ» የሚል ሰው ትልቅ ወሬ ነው የያዘው። ገመዱን ይቀይር እስኪ! ሰው በደጁ ያልፋል ወይ? ካለፈ ይገባል ወይ? ከገባ ዋጋ ጠይቆ ነው የሚወጣው ወይስ ዕቃው ጠፍቶት? አንዱ ጥያቄ ሲመለስ ጥፋቱ ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑ ይታወቃል። «እንግሊዝኛ አልገባኝ አለ» የምትል ተማሪም እንዲሁ፤ የማይገባት ሲነገር ነው ወይስ ሲነበብ? ሲነገር ከሆነ ቃሉን አታውቀውም ወይስ ፍጥነቱ ነው ያስቸገራት? እዚህ ድረስ ያጠበበች ልጅ ችግሯ ተራራ መሆኑ ቀርቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደምትለማመድ ታውቃለች።

ዜናውን ከማጋራታችን በፊት

የቴክኖሎጂ ወዳጅ ያለ ወቅታዊ ጉዳይ አይውልም። ጠዋት ቴሌግራም ስንከፍት አንድ ኩባንያ አንድ ነገር አውጥቷል፣ አንድ አገር አንድ ነገር ከልክሏል። እናነባለን፣ «ጉድ ነው!» እንላለን፣ ለሦስት ግሩፕ እናጋራለን፣ እንረሳለን። በዚህ መልክ የሚያልፍ ዜና ጊዜ ወስዶ ምንም ሳይተው ይሄዳል። ሦስት ጥያቄ ብንጨምርበት ግን ትምህርት ቤት ይሆንልናል። እንዴት ይሠራል? ማን ይጠቀምበታል፣ ማንስ ይከፍላል? እኔ በዚህ ምን ልሠራበት እችላለሁ?

በጥር 2017 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። ዲፕሲክ የተባለ የቻይና ኩባንያ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል አወጣ። ጥር 19 ቀን የቺፕ አምራቹ የኤንቪዲያ የገበያ ዋጋ በአንድ ቀን በ600 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ። ብዙዎቻችን ቁጥሩን አይተን ተገረምን፤ በዚያው አለፍነው። «እንዴት ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ሌላ ታሪክ አገኘ። አሜሪካ ኃይለኛ ቺፖች ወደ ቻይና እንዳይሄዱ ስለከለከለች፣ ኩባንያው አቅማቸው ተቀንሶ በተዘጋጁ ቺፖች መሥራት ነበረበት። ስለዚህ ቁጠባ ውስጥ ገባ። ሞዴሉ 671 ቢሊዮን ፓራሜትሮች፣ ማለትም በሥልጠና የሚስተካከሉ ቁጥሮች፣ አሉት፤ አንድን ቃል ለማውጣት የሚያንቀሳቅሰው ግን 37 ቢሊዮኑን ብቻ ነው። ለዚያ ቃል የሚያስፈልገው ክፍል ይነቃል፣ ሌላው ያርፋል። የሐሳቡ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። ስለ ትክክለኛ ወጪው ባለሙያዎች ቢከራከሩም ትምህርቱ አያከራክርም፤ የቆየ ሐሳብ፣ የተወሰነ ዕቃ፣ የጠለቀ ሥራ። ዮኮይ ቢሰማ ፈገግ ይል ነበር።

ጎረቤታችን ኬንያም ከዚህ ይበልጥ አስደናቂ ነገር ሠርታለች። ኤም ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር ስማርት ስልክ አልጠየቀም። ያኔ በየእጁ የነበረችውን ባለ ቁልፍ ስልክና ተራውን አጭር መልእክት ነው የያዘው። ሙከራው የተጀመረው ሰዎች አነስተኛ ብድራቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ ግን ገንዘብ እርስ በርስ መላላክ ያዙ። አገልግሎቱን የሠሩት ሰዎች «አጠቃቀማችሁ ስሕተት ነው» አላሉም፤ ሕዝቡ ያሳያቸውን ተከተሉ። በእኛም አገር ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲመጣ መተግበሪያ ብቻ ይዞ አልመጣም። *127# ብሎ በባለ ቁልፍ ስልክ መጠቀም ይቻላል። ኢንተርኔት የሌላት ስልክ የያዙ እናት ከከተማ ልጃቸው የላከላቸውን ብር ያዩበታል።

እንግዲህ ሦስተኛው ጥያቄ የእናንተ ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ሰዎች አንድን ዕቃ ወይም አገልግሎት ላልተሠራበት ዓላማ ሲጠቀሙበት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነጋዴው የሸቀጥ ዝርዝሩን በፎቶ ይይዛል፤ የዕቁብ ጸሐፊው ሂሳቡን በቴሌግራም ለራሱ ይልካል፤ መምህሯ የቤት ሥራ በድምፅ ትቀርጻለች። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ነገር «እዚህ ጋ ክፍተት አለ» የሚል ጥቆማ ነው። ሌላው እንደ ተራ ነገር ሲያልፈው ቆም ብሎ የሚያይ ሰው ሥራ ፈጠረ ማለት ነው።

መጽሐፍ ያነበበው ልጅ

«እነሱ ኩባንያ ነበራቸው፣ ላቦራቶሪ ነበራቸው» የሚል ካለ ወደ ማላዊ ልውሰደው። ዊልያም ካምክዋምባ የገበሬ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ አገሩን ረኃብ መታት። ቤተሰቡ የትምህርት ቤት ክፍያ መክፈል ስላልቻለ በ14 ዓመቱ ከትምህርት ገበታ ተነሣ። ቤት መዋል ሲሰለቸው ወደ መንደሩ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ጀመረ። እዚያ ስለ ኃይል የሚያወራ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘ። እንግሊዝኛው ገና ደካማ ስለነበር ብዙውን የተረዳው ከሥዕሎቹ ነው። ሽፋኑ ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ነበሩ።

ከቆሻሻ መጣያ የትራክተር ማራገቢያ፣ ከአሮጌ ብስክሌት ፍሬም፣ የፕላስቲክ ቱቦ፣ የብስክሌት ዳይናሞ ሰበሰበ። ሰዎች ዕብድ ነው አሉት። እሱ ግን የባሕር ዛፍ ግንድ አቁሞ ማማ ሠራ፤ ንፋስ ሲመጣ አምፖሉ በራ። ቆይቶ በታንዛኒያ፣ አሩሻ በተካሄደው የቴድ ጉባኤ ላይ ታሪኩን ተናገረ፤ አሜሪካ በሚገኘው ዳርትመዝ ኮሌጅ ተማረ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሕይወቱ ፊልም ሆነ።

የዚህ ልጅ ዕቃዎች አብዛኞቹ ያረጁ ወይም የተጣሉ ነበሩ። አዲስ የነበረው መጽሐፉ ላይ ያየውን ነገር «እኔም ልሠራው እችላለሁ» ብሎ መውሰዱ ነው። እናንተ ዛሬ ያላችሁ መረጃ ካምክዋምባ በዚያች ቤተ መጻሕፍት ካገኘው በሺህ እጥፍ ይበልጣል።

ከዛሬ ጀምሮ

ሞቅ ብሎ መቅረት የለምና ወደ ሥራው እንግባ። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ አራት እርምጃዎች እነሆ።

አንደኛ፣ በየሳምንቱ አንድ «እንዴት ይሠራል?» መልሱ። ጂፒኤስ ያለሁበትን በምን ያውቃል? ስልኬ ስክሪኑን የነካሁት በጣቴ መሆኑን እንዴት ይለያል? መልሱን ስታገኙ ለአንድ ሰው በአማርኛ አስረዱት፤ ታናሽ እህታችሁ ከገባት እናንተም ገብቷችኋል። ስታስረዱ የምትሰናከሉበት ቦታ ደግሞ ቀጣዩን ጥያቄ ይሰጣችኋል።

ሁለተኛ፣ ከምትጫወቱት ጌም ላይ ጥቂት ጊዜ ወስዳችሁ አንድ ጌም ለመሥራት ሞክሩ። ስክራች የተባለው ነጻ መማሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው፤ ኮድ ሳትጽፉ ቁርጥራጮችን እያገጣጠማችሁ ጌም ትሠሩበታላችሁ። ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ «ጌም ተው!» ብላችሁ ከመቆጣት «እስቲ አንተ ሥራና እኔ ልጫወትልህ» በሉት። ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ታያላችሁ። ከፍ ያለ ለሚፈልግ ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ፕሮግራሚንግን፣ የመረጃ ሳይንስን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራንና ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በነጻ ያስተምራል።

ሦስተኛ፣ የሠራችሁትን ትንሽ ነገር ጨርሳችሁ ለሰው አሳዩ። ዮኮይ ክንዱን መሳቢያ ውስጥ ቢደብቀው ያማውቺ አያየውም ነበር። የእድራችሁን የአባላት መዝገብ በስልክ ሠንጠረዥ አዘጋጅታችሁ ለጸሐፊው ስታሳዩት «ይቺ ነገር መዋጮ ያልከፈለውን በቀይ ብታወጣልኝ» ይላችኋል። ያቺ አስተያየት ከብዙ ቪዲዮ ትምህርት ትበልጣለች፤ እውነተኛ ሰው፣ እውነተኛ ችግር አምጥቶላችኋላ!

አራተኛ፣ አዲስ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም፤ ግዢውን ሥራችሁ ይዘዘው። የጀመራችሁት የቪዲዮ ሥራ ደንበኛ አምጥቶ፣ ስልኩ ግን ማቀናበሪያውን መሸከም ካቃተው ያን ጊዜ ያለ ሐሳብ ግዙ። ዕቃው ገንዘቡን ይመልሳል። ሥራው ሳይኖር ዕቃው ከቀደመ ግን ብዙ ጊዜ ውድ መስታወት ነው የምንገዛው። «ያለኝ ዕቃ ምን ልሠራበት ስል ጠበበኝ?» ብላችሁ ጠይቁና መልስ ካጣችሁ ብሩ ለጊዜው ይቀመጥ።

መብራት የሚጠፋበት፣ ኢንተርኔት የሚንቀራፈፍበት፣ የዳታ ጥቅል ኪስ የሚጎዳበት ቀን እንዳለ አውቃለሁ። እነዚህ እውነተኛ ችግሮች ናቸው፤ በምክር አይጠፉም። ግን ሁልጊዜ ኔትወርክ በማይጠይቅ ሥራ ዙሪያ ማቀድ ይቻላል። ኔትወርክ ሲኖር አውርዱ፣ ሲጠፋ አንብቡና ሞክሩ፣ መብራት ሲጠፋ በወረቀት ንድፍ ሥሩ። ቴትሪስም መጀመሪያ ኢንተርኔት አልነበረውም።

ጉጉታችሁን አትፈሩት፤ «ስልክ ላይ ተጣድክ» የሚሉ ሰዎችም አያሳፍሯችሁ። ከቃል በላይ መልስ የሚሆነው የሠራችሁት ነገር ነው። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በእጃችሁ ያለውን አንድ ዕቃ ምረጡ፤ እስከ ቅዳሜ በእሱ የምትሠሩትን አንድ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ቅዳሜ ለማን እንደምታሳዩትም ስሙን ከሥሩ አስፍሩ። ከዚያ ለዚያ ሰው ደውላችሁ «ቅዳሜ የማሳይህ ነገር አለ» በሉት። ቃል ገብታችኋልና ከእንግዲህ መሥራት ብቻ ነው የቀረው። በርቱ!